አባቴ ቆቃን አልገነባም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ጥቅምት ነው፤ በ85 ዓመቱ። ጡረታ የወጣ የመብራት ኃይል መሐንዲስ ነበር። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ዘመን ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ የሥራ መደብ አገለገሉ። ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው... አለቀ። እኔ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ የማን ታሪክ እንደሚነበብ ለአፍታ ጠፋኝ። የሥራ ማመልከቻ ነው የሚመስለው። ለየትኛው ክፍት ቦታ እንደሆነ እንጃ።

ስህተትም ነበረበት። የቆቃን ግድብ ከገነቡት አንዱ ነበሩ ይላል። አልነበረም። ቆቃ የተመረቀው በ1952 ነው። አባቴ ያኔ የ19 ዓመት ተማሪ ነው። ቆቃ የገባው በ1957 ነው፤ ተሠርቶ ያለቀውን ሊጠብቅ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራውም ይህንኑ ነው። ሌላው ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ማሽኑ እንዳይቆም ማድረግ። ታሪኩን የጻፉት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የጻፉት፤ አልወቅሳቸውም። እኛው ልጆቹ ነን እንዲያ ብለን የነገርናቸው።

አሁን ለሙት ዓመቱ ትንሽ መጽሔት ልናሳትም ነው። ታላቅ ስለሆንኩ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ከአባታቸው ከእገሌ ብዬ ጀመርኩ። እና ጥያቄዬ፦ የአንድ መሐንዲስ ሕይወት፣ ሰውየው ራሱ እንዲኖርበት ተደርጎ እንዴት ይጻፋል? አባቴ ወሬ አያበዛም ነበር። ለአገር መብራት ያመነጫል፤ እቤት ግን ከክፍል ክፍል እየተከተለን ያጠፋብናል። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ምን ይሠራል ነው ነገሩ። ከዚህ ሌላ ምን እንደምጽፍ ቸግሮኛል።

ሌላም አለ። ከሞተ በኋላ ኮቱ ኪስ ውስጥ የመብራት ቢል አገኘን። ጀርባው ላይ በእርሳስ «119 ቆ» ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። አክስቴ መዝሙረ ዳዊት ነው አለች። ወንድሜ የሎተሪ ዕጣ ነው አለ። እኔ ቆርቆሮ መሰለኝ፤ የጓሮውን ጣሪያ ሊቀይር ያስብ ነበርና። ግን 119 ቆርቆሮ ለጓሮ ኩሽና? የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች

ክሩ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሆነው። ረዘመብን፣ ከየት እንጀምር ያላችሁኝ ስለበዛችሁ የተባለውን በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።

1 እና 2። ነፍስ ይማር ያሉኝ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው የራሱ አባት ቀብር ላይ የልደት ዓመቱ ተሳስቶ ሰውየው ከታላቅ እህታቸው በልጠው እንደተቀበሩ ነገረኝ። አልተጽናናሁም፤ ግን ሳቅሁ።

3። አስተማሪ ነኝ ያለች ሴት ናት። ከተወለደበት ዓመት እንዳልጀምር መከረችኝ፤ ከእጁ ጀምር ነው ያለችኝ። የእናቷን ታሪክ ስትጽፍ ከየልጁ አንዳንድ ነገር ብቻ ሰብስባለች፤ ያውም ሌሎቹ የማያውቁትን። ከሰባት ልጆች ሰባት የማይመሳሰሉ እናቶች መጡላት። ሁሉንም እንዳሉ አስገባቻቸው። ይህ መልስ ሲመጣ ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር።

4። ቆቃ የተመረቀው በ1960 ነው ብሎ ቆጣ አለብኝ። ያባትህን ታሪክ ሳታጣራ የእድር ጸሐፊ ታርማለህ ወይ ዓይነት ነገር ነው።

5። ሁለታችንንም ገሠጸን። 1960 በፈረንጅ ነው፣ 1952 በእኛ፤ ዓመት የጠራ ሰው አቆጣጠሩን አብሮ ይጥራ አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ ትምህርቱን ቀጠለ። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ሦስት ማሽን አለው፤ እያንዳንዱ 14.4፣ ድምሩ 43.2 ሜጋዋት። ስሙም አዋሽ 1 ነው። ከዚያ የወረደው ውሃ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ ቀጥሎ አዋሽ 2ን፣ አሁንም ቀጥሎ አዋሽ 3ን ያዞራል፤ እነሱ 32፣ 32 ናቸው። አንድ ውሃ ሦስቴ ነው የሚሠራው። መልሱ ውስጥ ስለ አባቴ አንድም ቃል የለም። ሰውየው ደረቅ ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ዞሬ የመጣሁት እሱ ጋ ነው።

6። እዚህ ጋ ክሩ ነፍስ ዘራ። የጻፈው ጡረተኛ ኦፕሬተር ነው። የልጅ ልጁ ስልክ ላይ እንደሚጽፍ ይቅርታ ጠይቆ፣ አራት ነጥብ የሚባል ነገር ሳያስገባ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከአባቴ ጋር ቆቃ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቷል።

የነገረን ይህን ነው። አባቴ ሌሊት ማሽን ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጌጅ አያይም። ከደረት ኪሱ ረጅም ካቻቪቴ ያወጣል። ጫፉን የማሽኑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ቤት ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ጆሮው ላይ ይተክላል። ዓይኑን ይጨፍናል። ኦፕሬተሮቹ የሚያወሩትን ያቆማሉ። አንድ ሌሊት ሁለተኛው ማሽን ላይ እንዲህ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ። ጌጁ ደህና ነው። የዘይቱ ሙቀትም ደህና ነው። አባቴ ግን ማሽኑ ይቁም አለ። ያኔ ማሽን ማቆም ቀልድ አይደለም። ከተማ ይጨልማል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ትልቅ ሰው ይቆጣል። እውነትም ተቆጡ። ሲነጋ ዘይቱን ቀድተው በነጭ ጨርቅ ሲያጠሉት እንደ ዱቄት የላመ የብረት ብናኝ ጨርቁ ላይ ቀረ። ኩሽኔታው መበላት ጀምሮ ነበር። ሁለት ቀን ቢቆይ ዘንጉን ይዞት ይሄድ ነበር። አባቴ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለተቆጡት ሰዎች ግን አላሳየም። ኦፕሬተሩ እስከ ዛሬ የሚያናድደው ይህ ነው።

አንድ ነገር ጨምሮ ነው የጨረሰው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የሚያስተምረው ማንኛውንም ብረት በእጅ ጀርባ መንካት ነው። ኤሌክትሪክ ካለበት መዳፍ ሳያስበው ይጨብጠዋል፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ይህን ሳነብ ሚስቴን ጠራኋት። እኛ ቤት እስካሁን ካውያ በእጅ ጀርባ ነው የሚነካው። የበር እጀታም፣ የምጣድ ጠርዝም። የዘር አመል ይመስለኝ ነበር።

7። ወዲያው ጸብ መጣ። አባትህን እሱ እያልክ የምትጽፈው ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው አለኝ። ሰው አባቱን አንቱ ይላል፤ በተለይ ከሞተ በኋላ።

8 እስከ 11። በዚሁ ላይ ተነታረኩ። አንዷ በእነሱ አገር አባት አንተ፣ እናት አንቺ ነው፣ አንቱ ለባዳ ነው አለች። አንዱ የከተማ ልጅ ሁሉ ተበላሸ አለ። ሌላው የጎጃምና የሸዋን ልማድ ሊያስተምረን ተነሥቶ መሐል ላይ ተወው። 10ኛው የእኔ ነው። አባቴ ራሱ አንቱ ስንለው ዞሮ ከኋላው ማን እንደቆመ ያይ እንደነበር ተናገርኩ። ሰባተኛው አልተመለሰም።

12። ኢንጂነር የሚለው ማዕረግ ረከሰ የሚል ረጅም ብሶት ነው። ቆጣሪ የሚያስተካክለውም፣ ቧንቧ የሚጠግነውም፣ ቤት የሚያሻሽጠውም ኢንጂነር ሆኗል ነው ነገሩ። እውነት አለው። እኔም የአባቴን የእድር ደብተር አውጥቼ አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አቶ ተብሎ ነው የከፈለው። ኢንጂነር የሆነው ቀብሩ ዕለት ነው።

13። ስሟን በቅጽል ጽፋለች፤ ግን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አወቅኋት። ታናሽ እህቴ ናት፣ ሜሪላንድ ያለችው።

ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት የሚለው መስመር ይታረም አለች። እሷ ስትወለድ አባቴ ፊንጫ ነበር። የፊንጫ ማመንጫ በ1966 ገና ሥራ እንደጀመረ ነው አባቴ ወደዚያ የተዛወረው፤ ፊቷን ያየው የሦስት ወር ልጅ ሆና ነው። ከዚያ የመልካ ዋከና ግድብ ሥራ መጣ። ከዘጠኝ ዓመቷ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ አባት ማለት በሁለት ወር አንዴ ማታ የሚመጣ፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ የሚሄድ፣ ጃኬቱ ናፍታ ናፍታ የሚል ሰው ነው። ወንድሜ የሚያወራውን ሰው አላውቀውም አለች። ወንድሜ ያለችው እኔን ነው። እቤቱን ያቆመችው እናታችን ናት፤ መጽሔት ከታተመ የሷ ይታተም። ሲሞት አይደለም፣ አሁን።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እኔ የማውቀው የቅዳሜውን አባት ነው። ቆቃ በነበረ ጊዜ ቤታችን ናዝሬት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሮሶ ይዞ ይመጣል። ዓሣው ላይ የጋዜጣው ፊደል ይታተማል። እናቴ ከመጥበሷ በፊት ከዓሣው ሆድ ላይ ፊደል ያስነብበኛል፤ በግልባጭ። ማንበብ የጀመርኩት እንደዚያ ነው። እህቴ ይህን አላየችም። አልተወለደችም ነበር።

14። አንዱ እህቴን ክፉኛ ተናገራት። ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ አሜሪካ ተቀምጦ አባት ማማት ቀላል ነው አለ። አጸያፊ ቃል ስለነበረበት የመድረኩ አስተናጋጆች ግማሹን አጥፍተውታል። እኔ ብሆን ሙሉውን አጠፋው ነበር።

15። የመልካ ዋከና ልጅ ነኝ ያለች ሴት። አባቷ የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሥራው በሶቭየቶች እርዳታ ይሠራ ስለነበር ካምፑ ውስጥ የሩስያ ልጆችም ነበሩ። ብርዱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ባልዲ ላይ በረዶ ይገኛል። መጫወቻ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ አባቴ ከተረፈ ቱቦ ዥዋዥዌ ሠራላቸው። ላዩ ላይ ኩሽኔታ ገጠመለት። ሲወዛወዝ ሲጥ አይልም ነበር አለች፤ እንደዚያ ጸጥ ያለ ዥዋዥዌ ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁም። እሑድ ከሰዓት ልጆች ይሰለፋሉ። አባቴ ሰዓቱን እያየ ተራ ያስጠብቃል። የመሐንዲስ ልጅ፣ የዘበኛ ልጅ፣ የሩስያ ልጅ፣ ሃያ ሃያ ጊዜ ነው።

ከዚያ የጻፈችውን ሁለት ቀን ያህል ደግሜ አላነበብኩትም። እሷን ሲገፋት ሁልጊዜ በሌላ ልጅ ስም ይጠራት ነበር። እሷም ታርመዋለች፤ እሱም ይቅርታ ይጠይቃታል፤ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ስም ይጠራታል። 13ኛውን ስታነብ ያ ስም የማን እንደሆነ ገባት። ስሙን ጻፈችው። የእህቴ ስም ነው። የቤት ስሟ፤ እዚህ ክር ላይ ማንም ያልጠራው።

16። በዚህ መሐል አንድ የቤተ ክህነት ሰው ስለ 119 መጣ። በትሕትና ጀመረ። በግዕዙ ዳዊት ያ ረጅሙ መዝሙር 118 ነው፤ 119 የሚሆነው በሌላኛው ቆጠራ ነው። በግዕዙ 119ኛው አጭር ነው፤ በተጨነቅሁ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጮኽሁ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ አክስትህ ረጅሙን አስባ ከሆነ ተሳስታለች። ሲጨርስ ግን ትሕትናው አለቀ፤ ዳዊት የማይደግም ሰው ዳዊት ባይተረጉም ጥሩ ነው ብሎ ወጣ። አክስቴ ዳዊት በየቀኑ ትደግማለች። አልነገርኩትም።

17። ሎተሪ ነው አለ፤ በቃ። ሌላ ምንም አልጻፈም።

18 እና 19። አንደኛው ቆ ማለት ቆጣሪ ይሆናል አለ። ሌላው በጀርባው ያለውን ቢል እንድለጥፈው ጠየቀ። ለጠፍኩት። የነሐሴ ቢል ነው።

20። እህቴ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰች። ለ15ኛዋ በቀጥታ አልመለሰችላትም። ስለ ደብዳቤ ነው የጻፈችው።

አባቴ ከመልካ ዋከና ደብዳቤ ይጽፍላታል። ለእሷ ብቻ። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ብርዱ እንዴት እንደሆነ፣ ትምህርት እንዳታቋርጥ፣ እናትሽን እርጂ። ታች ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ሁለት መስመር ተሰምሮበት። ቁጥሩ መልስ ነው። የእሷ ሥራ ጥያቄውን መፈለግ ነው። አንዴ 365 ቀ ይላል፤ እሱ ቀላል ነው። አንዴ 28 ፈ ብሎ ላከላት። ሳምንት ሙሉ ስትፈልግ ቆየች። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቷ ያለው የፈረስ ጋሪ ቁጥር ነው ወይ ብላ ቆማ ሁሉ ቆጥራለች። ፊደል ኖሯል፤ ደብዳቤው ላይ የእሷን ስም ጨምሮ በመጀመሪያው መስመር የነበረው የፊደል ብዛት። ሲመጣ ነግሮ አያውቅም። ካገኘችው ጭንቅላቷን በጣቱ ጀርባ ኳ ያደርጋታል፤ ያ ነው ሽልማቱ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ጉባ ላይ ግድቡ ሲመረቅ አባቴ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። እሷ ስልክ ደወለች። መኪና ውስጥ ነበረች፣ ሥራ ረፍዶባት። አባቴ ድሮ የምልክልሽ ነገር ትዝ ይልሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ማታ እደውላለሁ አለችው። ማታ ደወለች፤ ስለ ደም ግፊቱ አወሩ። ያን ነገር እሱም አላነሣው፣ እሷም ረሳችው።

ጥያቄው ይህ ነው አለች። ትልቁ ግድብ 13 ማሽን፣ 5150 ሜጋዋት። 5ኛው መልስ ላይ እንደተጻፈው ቆቃ 43.2። አካፍሉት። 119 ይመጣል። ቆ ማለት ቆቃ ነው። 119 ቆቃ።

እኔም ስልኬ ላይ አካፈልኩት። ይመጣል።

21። ሰው ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ መሐንዲሶቹ ገቡ። የመጀመሪያው ስሌቱ ልክ ቢሆንም ንጽጽሩ ልክ አይደለም አለ። ሜጋዋት የማሽን ጉልበት ነው፤ ቁም ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ስንት ጊጋዋት ሰዓት ወጣ ነው። ፈረስን በጡንቻው ሳይሆን በሄደበት መንገድ ለካ እንደማለት።

22። ሽማግሌ ለልጁ የጻፈውን ነው እንጂ የአዋጭነት ጥናት አይደለም የምናየው ብሎ አስቆመው።

23። ነጥቧ የታለች አለ። ሲካፈል 119.2 ነው የሚመጣው። የሚባለው ዓይነት ጠንቃቃ መሐንዲስ ከሆኑ 0.2ን አይጥሉም ነበር። ስለዚህ መልሱ ሌላ ነው፤ ምናልባትም ሎተሪው። (17ኛው ይህን ወደደለት።)

24። 5ኛው ደረቁ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። 119 ጊዜ 43.2፣ 5140.8 ነው። የሚተርፈው 9.2 ሜጋዋት። ትንሽ እንዳይመስላችሁ አለ። ለብዙ ዓመት አዲስ አበባን ያበራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ነው። አባትህ የጣሉት አንድ አባ ሳሙኤልን ከነትርፉ ነው። ለምን እንደጣሉት አላውቅም ብሎ አበቃ። ያ ሰው ስሜት የለውም ያልኩትን አንሥቻለሁ።

25። ጡረተኛው ኦፕሬተር መለሰለት። አባቴ የሌሊት መዝገብ ላይ ያልሞላ ነገር እንዲጻፍ አይፈቅድም ነበር። ግማሽ የተከፈተ በር ተከፈተ አይባልም፤ ያልሞላ ማሽን ማሽን ተብሎ አይቆጠርም። 0.2 ቆቃ የሚባል ነገር የለም። ቆቃ ወይ አለ ወይ የለም።

26። እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። የጻፈው ከፊንጫ አካባቢ የመጣ ነው። ቤተሰቡ የጮመን ረግረግ ዳር ከብት ያረባ ነበር። ውሃው ሲተኛ ሣሩም፣ መሬቱም ከሥር ቀረ። እነሱ ወደ ዳገት ወጡ። ያ ሐይቅ ያመነጨው 100 ሜጋዋት በራሳቸው አናት ላይ በሽቦ ሲያልፍ አያቱ በኩራዝ ኖረው በኩራዝ ሞቱ። ስለ ኩሽኔታና ስለ ዥዋዥዌ ስታወሩ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው አለ። ስድብ የለበትም። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

27። አንዱ የወሰነው መንግሥት ነው፣ ተቀጣሪ መሐንዲስ ምን ያድርግ ሊል ሞከረ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። አባቴ ስለ ቆቃ እንቅልፍ እስኪወስደን ያወራል። ስለ ፊንጫ ግን ስለ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ውሃው ከመቶዎች ሜትር ወርዶ ፔልተን የሚባለውን ተርባይን ጎማ እንዴት እንደሚመታ። ስለ ሰዎቹ ጠይቄው አላውቅም። እሱም አንሥቶት አያውቅም። መጽሔቱ ላይ ጮመን የሚለው ስም ይገባል። ለ26ኛው ይህን ብቻ ነው የጻፍኩለት። ልብ የምትመስል ምልክት አስቀምጦ ሄደ።

28 እስከ 33። ከዚህ በኋላ ክሩ ዋለለ። እምቦጭ ጣና ላይ ዜና ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት ቆቃን ወርሮ እንደነበር አንዱ አነሣ። ሌላው ትልቁ ጠላት እምቦጭ ሳይሆን ደለል ነው አለ፤ ሐይቁ ከሥሩ እየሞላ ነው። ከዚያ ወደ ዓሣ ገቡ። ቆሮሶ ይሻላል፣ አምባዛ ይሻላል። አምባዛ የሚበላ ሰው ጭቃ ይብላ ያለው ሰው ከሁለት ወገን ተሰደበ። ከዚያ የቆቃ ሽንኩርት። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ። አስተናጋጆቹ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ጠየቁ። ማንም አልተመለሰም።

34። እኔ ነኝ። ክሩን ለእናቴ እንዳነበብኩላት ጻፍኩ። ሁለት ማታ ፈጀ። 20ኛው ላይ ዝም ብላ ሰማች። 15ኛው ላይ ግን አስቆመችኝ። ዥዋዥዌውን ታውቃለች። ቱቦው የተረፈ ቢሆንም የመንግሥት ነው ብሎ ዋጋውን አስገምቶ ከደመወዙ አስቆረጠ። ያን ወር ሻይ በጨው ጠጣን አለች። ለምን አልነገርሽንም ብላት የምን ይነገራል አለችኝ። የሌላ ሰው ልጆች ዥዋዥዌ ተጫወቱበት፤ እናንተ ስኳር አጣችሁ፤ ይህ ለልጅ የሚነገር ነው?

35። እህቴ። ዥዋዥዌውና ጨው ሻዩ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ አለች። የአምስት ልጆች አባት የምትለዋ መስመር ትቆይ። ሽፋኑ ላይ ግን እናታችንም ትኑር፤ ካልሆነ ለማሳተሚያው ሳንቲም አልልክም። 15ኛዋን ደግሞ በውስጥ መስመር እንዳገኘቻት ሰምቻለሁ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።

36። አዲስ ሰው። ከላይ ያለውን አላነበበም መሰለኝ። እዚህ ብዙ የኤሌክትሪክ ሰው ስላለ ብሎ ጠየቀ። ፍሪጁ ማታ ማታ ይጮኻል፣ መብራቱም ይርገበገባል። የትኛውን ስታቢላይዘር ልግዛ ነው ጥያቄው።

37። ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩለት። ስታቢላይዘሩን ለጊዜው ይተወው። ፍሪጁ እየሠራ ሳለ የሶኬቱን ሽፋን በእጁ ጀርባ ይንካው። ከሞቀ ችግሩ ፍሪጁ ጋ አይደለም፤ ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ ላልቷል። ከቆጣሪው ያጥፋና ባለሙያ ይጥራ።

በእጁ ጀርባ መሆኑን ሁለቴ ጻፍኩለት።